የትምወርቅ ገመድ የዘረጋችበት ዕለት

ትምህርት ከጣራ በታች ነው ብዬ የማምን ሰው ነኝ። የማስተምረው ሒሳብ ነው፤ ለሒሳብ ጥቁር ሰሌዳ፣ ጠመኔና አፉን የዘጋ ተማሪ ይበቃዋል። የመካነ ሰላም ነፋስ ደግሞ ለትምህርት አልተፈጠረም። ጥር ላይ ደጅ ቆሞ ላስተምር ያለ ሰው አፉን በከፈተ ቁጥር አቧራ ይጎርሳል እንጂ አንድ ቃል አያሻግርም። ስለዚህ የትምወርቅ የምትባል አጭር መምህርት ከወግዲ ተዛውራ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ትምህርት ቤታችን በመጣች በሳምንቱ፣ አራተኛ ክፍልን እንዳለ አስከትላ ከግቢ ስትወጣ ባየሁ ጊዜ «ይቺ ልጅ ብዙም አትቆይም» አልኩ በልቤ።

ይኸው ቆየች። አሁን እንዳትሄድብን የምጸልየው እኔው ሆኛለሁ።

የምታስተምረው አካባቢ ሳይንስ ነው። መጽሐፉ ስለ አፈር፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ዕፅዋት፣ ስለ ቀበሌና ስለ ወረዳ ያወራል። ሌሎቻችን ብንሆን ከመጽሐፉ ወደ ሰሌዳ፣ ከሰሌዳው ወደ ደብተር እናሻግረውና እንገላገል ነበር። የትምወርቅ ግን ስሙ የተጠራ ነገር ሁሉ በዓይን ካልታየ እንቅልፍ አይወስዳትም። መጽሐፉ «ጎርፍ አፈርን ያጥባል» ሲል ልጆቹን ይዛ ከትምህርት ቤቱ በታች ወዳለው ቦረቦር ትወርዳለች፤ ከላይ ያለውን ጥቁር አፈርና ከታች የተጋለጠውን ቀይ መሬት በጣታቸው እያሹ እንዲያወዳድሩ ታደርጋለች። ለዝናብ መለኪያ የሃይላንድ ጠርሙስ አንገቱን ቆርጣ አጥር ላይ አስራለች። ዓመቱን ሙሉ ቦቲ ጫማ ታደርጋለች፤ የሹራቧ ኪስ ከገብስ ቆሎ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ስትከራከር ታሸንፋለች፤ ስትስቅ ሦስተኛ ክፍል ድረስ ይሰማል። ጠዋት ጠዋት ቢሮ ስንገናኝ «ጋሽ አወቀ፣ ጣራው እንዴት አደረ?» ትለኛለች። እኔም ደህና አድሯል እላታለሁ፤ ሌላ ምን እላለሁ?

ወላጆች መጀመሪያ ላይ በነገሩ ግራ ተጋብተው ነበር። ልጁን ከእረኝነት አላቅቆ ትምህርት ቤት የላከ ሰው፣ ልጁ መልሶ ሜዳ ላይ ሲዞር ሲያገኘው ምን ይበል? አንዳንዱ ተቆጣ። ሌላው ግን ብልህ ነውና ሌላ መላ መታ፦ ትምህርቱ ሜዳ ላይ ከሆነማ በጎቹም አብረው ይውጡ አለ። አንድ ሰኞ የአራተኛ ክፍል ግማሹ ከነበጉ መጣ። ሌላ መምህር ቢሆን በዱላ ይመልሳቸው ነበር። እሷ ደስ አላት። በጎቹን ልጆቹ እየተከተሉ የትኛውን ሣር እንደሚበሉ፣ የትኛውን አሽትተው እንደሚተዉ እንዲጽፉ አዘዘቻቸው። ከሰዓት በኋላ ቢሮ ገብታ በጎቹ ከአንዳንድ ተማሪ የተሻለ ተሳትፎ እንዳላቸው ስትነግረን ሳልወድ በግዴ ሳቅሁ። ርዕሰ መምህራችን ምንይችል ግን አልሳቀም፤ የችግኝ ጣቢያውን ስለበሉበት በጎች እንዳይገቡ ከለከለ።

ጥር ላይ ትምህርቱ ካርታ የሚያስተምረው ምዕራፍ ላይ ደረሰ። መጽሐፉ ላይ የተሳለው ካርታ የማናውቀው ከተማ ነው፤ አደባባይና የባቡር ሐዲድ አለው። የትምወርቅ አየችውና መጽሐፉን ዘጋች። ልጆቹ የራሳቸውን ቀበሌ ይሳሉ አለች፤ ለመሳል ደግሞ መለካት ያስፈልጋል። ከገበያ ረጅም የቃጫ ገመድ ገዛች፤ በየሜትሩ ቀይ ጨርቅ አሰረችበት፤ ችካልም አስጠረበች። መቶ ሜትር ወረቀት ላይ ስንት ጣት እንደሚሆን ከእኔ ጋር ቁጭ ብለን አሰላን። እውነቴን ነው፣ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሒሳቤ ሜዳ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። ገመድ በዚህ አገር ምን ማለት እንደሆነ ለእኔ አልታየኝም። የደሴ ልጅ ነኝ፤ መሬት የሚባል ነገር ኖሮኝ አያውቅም።

አዝመራው ተሰብስቦ ስለነበር ማሳው ላይ የሚረገጥ እህል የለም። ልጆቹ ከትምህርት ቤቱ አጥር ተነስተው ቁልቁል ወደ ወንዙ መለካት ጀመሩ። ሁለቱ ገመዱን ይይዛሉ፤ አንዱ ችካል ይመታል፤ ሌላዋ ቁጥሩን ትጠራለች፤ የተቀሩት ይጽፋሉ። የፊተኛውን ጫፍ የያዘችው ብዙአየሁ ነበረች። ይቺ ልጅ አባቷ ጅዳ ነው፤ እናቷም ተከትላው ሄዳለች፤ የሚያሳድጓት አያቷ እማማ እናኑ ናቸው። በእግሯ ፈጣን ስለሆነች ነው የትምወርቅ ጫፉን የሰጠቻት። እየሮጠች ገመዱን ይዛ የገዛ አያቷ ማሳ ውስጥ ገባች።

ከማሳው ማዶ አያ ሞላ የሚባሉ ገበሬ አውድማቸው ላይ ስንዴ ያበራዩ ነበር። ቀና ሲሉ የታያቸው ገመድ ነው፤ ችካል ነው፤ ወረቀት ይዛ የቆመች የመንግሥት ሠራተኛ ናት። በሬዎቹን አቁመው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ መንሻቸውን ጭዱ ላይ ሰክተው ወደ ሰፈር ወጡ።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። ዛሬ ልጅ ያደረሱት ሰዎች ገና ልጆች ሳሉ በዚህ አገር የመሬት ሽግሽግ ሆኖ ነበር። ከአንዱ ተቀንሶ ለሌላው ተጨመረ። የመጣውም እንዲሁ ነበር፤ በገመድ፣ በችካልና በወረቀት። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ የእኛ ልጥ ደግሞ ቀይ ጨርቅ ጭምር ነበረው።

ወሬው ከልጆቹ ቀድሞ ቤት ገባ። ሲመሽ ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም ጋ ደርሷል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም እንዲሉ፣ በማግስቱ ጥር መሀል ላይ የእርሻ ወቅት ሆኖ አደረ። ጦም ያደረ መሬት ያለው ሁሉ በሬውን ጠምዶ ወጥቶ ደረቁን ምድር ይፈነቅላል፤ ባዶ ነው ተብሎ እንዳይወሰድበት ነው። ደጎሎ ከተማ ልጃቸው ዘንድ የከረሙ አንድ አዛውንት በጭነት መኪና ተሳፍረው መጡና ማሳቸው መሀል በርጩማ አስወጥተው ተቀመጡ። በሚቀጥለው ቀን አራተኛ ክፍል ስገባ አንድ ወንበር የማይሞሉ ልጆች ጠበቁኝ፤ እነሱም ከከተማ የሚመላለሱት ናቸው። የቀሩትን ወላጆቻቸው አስቀርተዋቸዋል። ገመድ ወደሚያስይዝ ትምህርት ቤት ልጅ አንልክም ብለዋል።

ምንይችል ክፉ ሰው አይደለም፤ ድንጉጥ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ድምፅ ማጉያ ይዞ ሄደና ነገሩ ከመሬት ጋር ምንም ግንኙነት እንደሌለው ለሕዝቡ አስታወቀ። የባሰው ያን ጊዜ ነው። የመሬት ጉዳይ ካልሆነ ታዲያ ምን አስለፈፈው ተባለ። ሰኞ ዕለት፣ ከአንድ ወላጅ በስተቀር፣ ሁሉም በጨለማ ሳይቀር ሲያርስ ነበር፤ ያ ወላጅም በሬ የሌለው ነው። ምንይችል የትምወርቅን ጠርቶ፣ ችካሉን ነቅላ ገመዱን እንድታስወግድ፣ እስከ ዓርብም ልጆቹ ካልተመለሱ ክፍሉን ለሌላ መምህር እንደሚሰጥና እሷን እንዲያዛውሩለት ወረዳውን እንደሚጠይቅ ነገራት። ሲናገር ዓይኗን አላያትም።

ስትከራከር ታሸንፋለች ያልኳት ሴት በዚያን ቀን አልተከራከረችም። ከቢሮ ወጥታ እኔን ፈለገችኝ። ሰፈሩ ሁሉ እማማ እናኑን እንደሚያይ፣ ብዙአየሁ ከተመለሰች ሌሎቹም እንደሚመለሱ ነገረችኝ፤ ሽማግሌ ሆነህ ተከተለኝ አለችኝ። ሽበቴን አይታ ነው። እኔ ወንድ ልጅ ድሬ እንኳ ለሽምግልና ሄጄ አላውቅም፤ ግን ሄድኩ።

እማማ እናኑ አላባረሩንም። መደብ ላይ አስቀመጡን፤ አሬራ ቀዱልን፤ የወግዲ ዝናብ እንዴት እንደከረመ ጠየቁ። ብዙአየሁ ጓዳ ነበረች፤ ከመጋረጃው ሥር እግሯ ይታያል። የትምወርቅ ስለ ካርታው አስረዳች፤ መጽሐፉን ገልጣ ሳይቀር አሳየች። ማንም መሬት እንደማይነካ ማለች። እማማ እናኑ እስክትጨርስ ጠበቁና፣ እሳቸውን ያስፈራቸው መሬቱ አለመሆኑን ነገሩን። መሬት ቢሄድ ይሄዳል፤ ልጃቸውም ከጅዳ ተመልሶ እርፍ እንደማይጨብጥ ካወቁ ቆይተዋል።

ያስፈራቸው ሌላ ነው። በሽግሽጉ ጊዜ ገመዱን የያዙት የመጡት ሹማምንት አልነበሩም፤ ከሰፈሩ ሰው እየመረጡ ነበር የሚያስይዙት። በእማማ እናኑ ባል ማሳ ላይ ገመድ የያዘው የባላቸው የክርስትና ልጅ ነው። ያዝ ተባለ፣ ያዘ። ማሳው በአንድ ወገን ተቆረጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሰዎች ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ኖሩ። ባላቸው የሞቱ ጊዜ ያ ሰው ለቀብር መጥቶ ከአጥር ውጭ ቆሞ አልቅሶ ተመለሰ፤ ግባ ያለው የለም። ልጆቹም እስከ ዛሬ ለትዳር ሲታጩ የማን ልጅ ናት ሲባል መልሱ ያው «የገመድ ያዡ» ነው።

«ያዘዘው ይረሳል፣ የጻፈውም ይረሳል» አሉ እማማ እናኑ። «ገመድ የያዘ እጅ ግን አይረሳም። እኔም አልረሳሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። አንቺ ነገ ትዛወሪያለሽ የኔ ልጅ። ይቺ ግን እዚሁ አግብታ፣ እዚሁ ወልዳ ነው የምትኖረው። ገመድ ያዧ እየተባለች ትኑር?»

መልስ ትሰጣለች ብዬ የትምወርቅን አየኋት። ጣሳውን መሬት አስቀመጠች።

«አባቴ ወግዲ ላይ ገመድ ያዥ ነበር» አለች።

ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ስናስተምር ይህን አልነገረችኝም። ከዚያ በኋላ ያለውን መሬት መሬት እያየች ተናገረች። ሽግሽጉ ሲመጣ ሕፃን ነበረች። አባቷ ቁመተ ረጅምና ጉልበታም ስለነበር ገመዱን ያዝ አሉት። ከዚያ በኋላ ደቦ ቢጠራ የሚመጣ ጠፋ። እናቷ ምንጭ ስትወርድ ሌሎቹ ሴቶች እንስራቸውን ሳይሞሉ ይመለሱ ነበር። እሷን የሚያጫውት ልጅ አልነበረም፤ አብሯት የተገኘ ልጅ ይገረፋል። ስለዚህ ብቻዋን ሜዳ ለሜዳ መዞር ልማድ አደረገች። የጉንዳን መንገድ ትከተላለች፤ የትኛው ወፍ የት እንቁላል እንደሚጥል፣ የትኛው ድንጋይ ቶሎ እንደሚሞቅ አወቀች።

«ልጆቹን ሜዳ የማወጣው ለምን እንደሆነ ሰው ይጠይቀኛል» አለች። «ያላባረረኝ ሜዳው ብቻ ነበር፣ እማማ። ገመዱን ስገዛ አባቴ ትዝ አላለኝም ብል እዋሻለሁ። በልጆች እጅ ሲገባ ሌላ ነገር ይሆናል ብዬ ነበር።»

እማማ እናኑ አባቷ በሕይወት መኖራቸውን ጠየቋት፤ ሞተዋል አለች። ሲቀበሩ ሰው ወጥቶ እንደነበር ጠየቋት። ቅሬው፣ የሰፈሩ የቀብር ማኅበር፣ ሥርዓቱን አልነፈገንም፣ ወጥቶ ቀብሮልናል፣ እዝን ይዞ፣ ለሐዘንተኛ የሚወሰደውን ምግብ ይዞ፣ ቤታችን የገባ ሰው ግን አልነበረም አለች። እማማ እናኑ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ በሩ ተመለከቱ። እሺም እንቢም አላሉንም። ሳይመሽባችሁ ሂዱ ብቻ አሉን።

በመንገድ ላይ የትምወርቅ ከፊት ከፊቴ እየሄደች አለቀሰች። ማጽናናት አልችልበትም። አይዞሽ አልኳትና ከኋላዋ ተከተልኳት። በልቤ ግን ያን ሁሉ ሰፈር ተቆጣሁት። ወግዲን ተቆጣሁ፤ የእኛንም ሰዎች ተቆጣሁ፤ ሕፃን ልጅ ላይ ሳይቀር የሚደርስ ምን ዓይነት ቂም ነው አልኩ። ቁጣዬ የትም አላደረሰኝም፤ ብቻ እስከ ቤቴ አብሮኝ ሄደ።

ዓርብ ደረሰ፤ ከልጆቹ የተመለሰ የለም። የትምወርቅ እንደታዘዘችው ችካሉን ልትነቅል ወደ ማሳው ወረደች፤ ብቻዋን እንዳትሆን እኔም አብሬ ወረድኩ። ነፋሱ እንደ ልማዱ ነው። በየአውድማው ያለው ሰው ሥራውን አቁሞ ያየናል፤ የእኛ ተማሪዎች ከአባቶቻቸው ጋር በሬ እየነዱ ያዩናል። ገመዱ ከዚያን ቀን ጀምሮ በነበረበት መሬት ላይ ተጋድሟል፤ ደፍሮ የነካው ሰው የለም። እሷ የመጀመሪያውን ችካል ለመንቀል ጎንበስ ስትል እማማ እናኑ ብዙአየሁን በእጃቸው ይዘው በድንበሩ ላይ ሲመጡ አየሁ። በዓል እንደሚሄድ ሰው ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰዋል።

አጠገባችን ደርሰው ሰላም አሉን። ከዚያ ብዙአየሁን የቱ ጋ ደርሳ እንደነበር ጠየቋት። ልጅቷ በጣቷ አሳየቻቸው። ሄዱና፣ ወገባቸውን ይዘው ቀስ ብለው ጎንበስ አሉና፣ የገመዱን ጫፍ ከመሬት አነሱ። እጃቸው ላይ ሁለቴ ጠመጠሙት። ወደ አውድማው ዞረው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ሞላ፣ እየኝ። ሌሎቻችሁም እዩኝ። ገመዱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ገመድ ያዥ የሚባል ካለ እናኑ ትባል። ልጆቹ ቆጣሪ ናቸው እንጂ ያዥ አይደሉም።»

አያ ሞላ መንሻቸውን ተደግፈው ቆመው ቀሩ። ከአጠገባቸው በሬ ይነዳ የነበረው ልጃቸው ግን ጅራፉን ጭዱ ላይ ጣለና ወደ እኛ መምጣት ጀመረ፤ አልጠሩትም፣ አልመለሱትም። ከሌላው አውድማም ሁለት ሴት ልጆች ተነሱ።

የገመዱ ሌላው ጫፍ ግን ገና መሬት ላይ ነበር። ልጆቹ ከበውት ቆሙ እንጂ የሚነካው ጠፋ፤ ወላጆቻቸው እያዩ ነው። የትምወርቅ ልጆቹን በእጇ ገለል አድርጋ ሄደችና አነሳችው። ቆመች፤ ግን አልሳበችውም። ገመዱ መሀሉ ረግቦ አፈር ነካ።

ማዶ ለማዶ ሆነው እማማ እናኑ አዩዋት።

«አብሽሪ ልጄ» አሉ። «ወጠር አድርጊው።»

ወጠረችው። ብዙአየሁ ቁጥሩን መጥራት ጀመረች።